የዘለላው አውራ፦ ትልልቆቹ ጋላክሲዎች በዘመናት ውስጥ እንዴት እንደ ተለወጡ

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር፣ ሰማዩ ከደመና በጠራበት በአንድ ምሽት፣ የሳይንስ ክበባችን አባላት በትምህርት ቤታችን የኳስ ሜዳ ላይ ተሰብስበን ነበር። ጊዜው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ የከተማው መብራት ጠፍቶ ስለ ነበር ጨለማው ለሥራችን እጅግ ተስማሚ ሆኖልን ነበር። አበው በሐሳበ ከዋክብት ሰንቡላ ብለው የሰየሙት የኮከብ ጭፍራ ከአናታችን በላይ ደርሷል። አንዲት ጓደኛችን የተዋስነውን ትንሽ ቴሌስኮፕ ወደዚያ አቅንታ ጥቂት ከተመለከተች በኋላ ዓይኗን አንሥታ መስተዋቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ እስትንፋስ ያረፈበት መስሏት ነበር። እንደ ገና አየች፤ ጉሙ ግን ከቦታው አልጠፋም። ያ ጉም ከመስተዋቱ ላይ ያለ አልነበረም። ከእኛ 55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቆ የሚገኝ፣ ኤም 87 የሚባል ታላቅ ጋላክሲ ነበር።

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በጠየቁን ጊዜ፣ ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «ታሪክ የሰው ነው እንጂ የጉም ታሪክ ደግሞ ምን ሊሆን ነው?» ብለው ተከራክረውን ነበር። እኛም ይህን የመረጥንበት ምክንያት አለን። ብዙ ሊቃውንት ለረጅም ዘመን ያሰቡት እንደ ጓደኞቻችን ነበርና። እነዚህ ታላላቅ ጋላክሲዎች ሳይለወጡ ጸንተው የሚኖሩ መስለዋቸው በእነርሱ የዓለምን ሁሉ ስፋት ሊለኩ ተነሡ፤ ልኩም አልሰመረላቸውም። እንዴት እንዳልሰመረላቸው መንገር ነው ሐሳባችን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

አስቀድመን ጥቂት ቃላትን እናብራራ። የብርሃን ዓመት ማለት ብርሃን በአንድ ዓመት ውስጥ የሚጓዘው ርቀት ሲሆን፣ 9,460 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጋላክሲ ማለት ደግሞ በስበት ኃይል ተሳስረው አብረው የሚኖሩ በቢሊዮን የሚቈጠሩ ከዋክብት ስብስብ ነው። ፀሐያችን የምትገኝበት ጋላክሲ ፍኖተ ሐሊብ ይባላል፤ ብርሃን ከአንዱ ጫፍ ተነሥቶ ከሌላው ለመድረስ 100,000 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ጋላክሲዎችም በበኩላቸው ብዙዎቹ እንደ ወይን ፍሬ በዘለላ በዘለላ ሆነው ይገኛሉ። በአንድ ትልቅ ዘለላ ውስጥ አንድ ሺህና ከዚያም በላይ ጋላክሲዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ከእነዚህም መካከል አንዱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመካከል የተቀመጠው፣ ከሌሎቹ ሁሉ በብርሃንም በግዝፈትም ይበልጣል። ንብ አርቢዎች ቀፎው የሚሰበሰብባትን ንብ አውራ እንደሚሏት፣ እኛም በዚህ ጽሑፍ እርሱን አውራ ብለን እንጠራዋለን። እውነቱን ለመናገር ግን በሰንቡላ ዘለላ ውስጥ ኤም 49 የተባለው ጋላክሲ በብርሃን ከኤም 87 ጥቂት ይበልጣል። ነገር ግን የዘለላውን መካከል ይዞ የተቀመጠው ኤም 87 ስለ ሆነ የአውራነቱ ነገር ለእርሱ ይቀራል።

ኤም 87ን በመጀመሪያ የመዘገበው ፈረንሳዊው ሻርል ሜሲዬ ነው። ዘመኑ 1781 ነበር። ሜሲዬ የሚፈልገው ጅራታም ኮከብ ስለ ነበር፣ እንዲህ ያለውን ጉም የሚመዘግበው ጅራታም ኮከብ መስሎ እንዳያታልለው ብቻ ነበር። እንግዲህ የጓደኛችን መስተዋት መጥረግ የሚያሳፍር አይደለም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ 137 ዓመታት ዐለፉና በ1918 አሜሪካዊው ሔበር ከርቲስ ከዚሁ ጉም መካከል የሚወጣ አንድ ቀጥ ያለ ቀጭን የብርሃን መስመር አዩ። ምንነቱን ሳይረዱት መዝግበው ዐለፉ። ወደዚህ መስመር ኋላ እንመለሳለን። በ1925 መጀመሪያ ላይ ኤድዊን ሃብል የአንድሮሜዳ ጉም ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ የሚገኝ ራሱን የቻለ ጋላክሲ መሆኑን አስታወቁ። በ1929 ደግሞ ጋላክሲዎች በራቁ ቍጥር ከእኛ የሚሸሹበት ፍጥነት እንደሚጨምር አሳዩ። ዓለም እየሰፋ ነው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ አንድ ታላቅ ጥያቄ ተነሣ። ዓለም ለዘለዓለም ሲሰፋ ይኖራል ወይስ የራሱ ስበት ቀስ በቀስ አዘግይቶ አንድ ቀን መልሶ ያጥፈዋል? ይህን ለማወቅ እጅግ ሩቅ ያሉትን ጋላክሲዎች ርቀት በትክክል መለካት ያስፈልጋል። ርቀቱ የሚለካው ደግሞ በብርሃን ነው። አንድ ፋኖስ ምን ያህል ዘይት እንደሚያቃጥል ያወቀ ሰው፣ ከሩቅ ሲያየው ምን ያህል እንደ ደበዘዘ ተመልክቶ ርቀቱን ይገምታል። እንግዲህ የሚፈለገው በሁሉም ስፍራና በሁሉም ዘመን ኃይሉ እኩል የሆነ ፋኖስ ነው።

የሃብል ረዳት የነበሩት አለን ሳንዴጅ ይህን ፋኖስ ያገኙ መሰላቸው። ሃብል በ1953 ሲሞቱ ሥራውን የቀጠሉት እርሳቸው ነበሩ። በካሊፎርኒያ በፓሎማር ተራራ ላይ የተተከለውና የመስተዋቱ ስፋት 5 ሜትር ያህል የሆነው ቴሌስኮፕ በእጃቸው ነበር። በ1958 ጆርጅ ኤቤል ከዚያው ተራራ በተነሡ የሰማይ ፎቶግራፎች 2,712 ዘለላዎችን ለቅመው ዝርዝራቸውን አወጡ። ሳንዴጅም የየዘለላውን አውራ እየመረጡ ለኩ፤ የብርሃናቸውም ኃይል በሚያስደንቅ አኳኋን ተቀራራቢ ሆኖ አገኙት። ልዩነታቸው ከሲሶ እምብዛም የሚያልፍ አልነበረም። ከዚህም የተነሣ ሳንዴጅ ከዘለላ ወደ ዘለላ እየራቁ በመሄድ የዓለምን መጨረሻ እናውቃለን ብለው ተስፋ አደረጉ። ሥራውም ሃያ ዓመት ያህል ወሰደባቸው።

እዚህ ላይ አንድ ምሳሌ እናቅርብ። አንድ ሕፃን ልጅ አንድን ጋቢ በክንዱ ለክቶ ስምንት ክንድ ሆኖ አገኘው እንበል። ከዐሥር ዓመት በኋላ ተመልሶ ቢለካው ስድስት ክንድ ብቻ ይሆንበታል። ልጁ ክንዱ እንዳደገ ካላሰበ፣ ጋቢው ዐጥሯል ብሎ በእውነት ይምላል። የሳንዴጅም ነገር እንዲሁ ሆነ።

ይህን በግልጽ ያስታወቀችው አንዲት ወጣት ሴት ነበረች። ስሟ ቢያትሪስ ቲንስሊ ሲሆን፣ በ1941 በእንግሊዝ አገር ተወልዳ በኒው ዚላንድ ያደገች ናት። ከባለቤቷ ጋር ወደ ቴክሳስ ከሄደች በኋላ በምትኖርበት በዳላስ ከተማ የሚሆናት ስፍራ ስላላገኘች፣ 300 ኪሎ ሜትር ከሚበልጥ መንገድ ወደ ኦስቲን እየተመላለሰች ተማረች። የዶክተርነት ጽሑፏንም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጨርሳ ለየት ያለ ሐሳብ አቀረበች። ጋላክሲ የከዋክብት ስብስብ ነው፤ ከዋክብት ይወለዳሉ፣ ያረጃሉ፣ ይሞታሉ፤ ስለዚህ ጋላክሲውም በልጅነቱና በእርጅናው አንድ ዓይነት ብርሃን ሊኖረው አይችልም አለች። ብርሃን ወደ እኛ ለመድረስ ብዙ ቢሊዮን ዓመት ስለሚፈጅበት ደግሞ፣ ሩቅ ያለውን ጋላክሲ የምናየው በልጅነቱ ነው። ያኔ ደማቅ ከዋክብቱ ገና ስላልሞቱ ከአሁኖቹ ይልቅ ያበራል። ይህ ለውጥ ካልታሰበ በቀር፣ የዓለም መስፋት ከእውነተኛው ይበልጥ እየዘገየ ያለ ይመስላል።

ሳንዴጅ ይህን ወዲያው አልተቀበሉም። ለማለት የምንደፍር ከሆነ፣ ለአለመቀበላቸው ምክንያታቸው ይገባናል፤ ሃያ ዓመት የለኩበት ክንድ ሐሰተኛ ነው መባል ለማንም ሰው ቀላል አይደለም። ቢያትሪስ ቲንስሊ ግን ሒሳቧን አልተወችም። በ1978 በዬል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነች፤ በ1981 በካንሰር በሽታ ስትሞት ዕድሜዋ 40 ብቻ ነበር። ከጓደኞቻችን መካከል ይህን ክፍል ያነበበች አንዲት ተማሪ «የኒው ዚላንድን ካርታ አምጡልኝ» ብላ እስክታይ ድረስ አላረፈችም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ነገር ግን በ1975 ጀሬማያ ኦስትራይከርና ስኮት ትሬሜን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ክንዱ በሌላ አቅጣጫም እንደሚለወጥ አመለከቱ። መነሻቸው በ1910 በላሆር የተወለዱት ሱብራማኒያን ቻንድራሴክሃር በ1943 ያወጡት ሒሳብ ነበር። ሒሳቡም እንዲህ ነው። አንድ ከባድ አካል በብዙ ከዋክብት መካከል ሲያልፍ በስበቱ ይጐትታቸዋል፤ እነርሱም ከበስተኋላው ይከማቹና መልሰው እርሱን ይጐትቱታል። በገበያ መካከል የሚያልፍ ታዋቂ ሰው ሰላምታ ሰጪው ከኋላው እየተሰበሰበ እንደሚያዘገየው ማለት ነው። ሰውዬው ታዋቂ ባይሆን ኖሮ ማንም ሳይነካው በፍጥነት ባለፈ ነበር። ጋላክሲም እንዲሁ ነው። ትልቁ ጋላክሲ በዘለላው ውስጥ ሲዞር እየዘገየ፣ እየዘገየ ወደ መካከል ይወርዳል፤ በመጨረሻም አውራው ይውጠዋል። ትንሹ ግን እንደ ዞረ ይኖራል። ስለዚህ አውራው አስቀድሞ የሚውጠው ለእርሱ ተቀናቃኝ ሊሆኑ የሚችሉትን ትልልቆቹን ነው። በብዙ ዘለላዎች ውስጥ በአንደኛውና በሁለተኛው ጋላክሲ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት በአጋጣሚ ሊሆን ከሚችለው በላይ ሰፊ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው ተባለ። ሊቃውንቱ ለዚህ ነገር «የጋላክሲ ሰው በላነት» የሚል አስፈሪ ስም አወጡለት።

አሁን ችግሩን አስቡት። ከዋክብቱ ሲያረጁ አውራው ይደበዝዛል፤ ሌሎችን ሲውጥ ደግሞ ይደምቃል። አንዱ ለውጥ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ይስባል፤ የሁለቱም ልክ በትክክል አይታወቅም። ስለዚህ አውራዎቹ የዓለምን መጨረሻ ከመለካት ሥራ ቀስ በቀስ ተሰናበቱ። ያን ሥራ በ1998 ሌሎች ፋኖሶች፣ ማለት የሚፈነዱ ከዋክብት፣ ፈጸሙት፤ የዓለም መስፋት ጭራሽ እየፈጠነ መሆኑ ታወቀ። አውራዎቹ ግን ከሥራ ቢሰናበቱም ከዚያ ወዲህ በራሳቸው ታሪክ የሚጠኑ ሆኑ። በእኛ አስተያየት ይህ ከፊተኛው ሥራቸው የሚያንስ አይደለም።

አውራው የሚያድገው ጋላክሲ በመዋጥ ብቻ ነውን? ሁለተኛ ምግብ እንዳለው የታወቀው ከእኛ ብዙም በማይርቅ ስፍራ በተነሣ ሥራ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1970 በኬንያ ባሕር ዳርቻ፣ ከማሊንዲ አጠገብ፣ ጣሊያኖች በባሕሩ ላይ ከተከሉት ሳን ማርኮ ከተባለ መድረክ አንዲት ሳተላይት ወደ ሰማይ ተላከች። ቀኑ ኬንያ ነጻ የወጣችበት ሰባተኛ ዓመት ስለ ነበር ሳተላይቷ በስዋሂሊ ኡሁሩ፣ ማለት ነጻነት፣ ተባለች። ሥራዋም በሐኪም ቤት ራጅ ለማንሣት የምናውቀውን ዓይነት ጨረር ከሰማይ መፈለግ ነበር። ይህ ጨረር በአየር ውስጥ ስለማያልፍ ከምድር ላይ ሆኖ ማየት አይቻልም። በኡሁሩ አማካይነት ትልልቆቹ ዘለላዎች በዚህ ጨረር የሚያበሩ መሆናቸው ታወቀ። ምክንያቱም በጋላክሲዎቹ መካከል ባዶ የሚመስለው ስፍራ በብዙ ሚሊዮን ዲግሪ በጋለ ስስ ጋዝ የተሞላ ስለ ሆነ ነው። በትልልቅ ዘለላዎች ውስጥ ይህ ጋዝ ከዋክብቱ ሁሉ ተደምረው ከሚመዝኑት ይበልጣል።

የጋለ ነገር ይቀዘቅዛል፤ ጋዝ ሲቀዘቅዝ ወደ መካከል ይወርዳል፤ እዚያም ከዋክብት ይሆናል። በ1977 የወጡ ሒሳቦች እንዳመለከቱት፣ በአንዳንድ ዘለላዎች አውራው በየዓመቱ ብዙ መቶ ፀሐዮችን የሚያህል ጋዝ መቀበል ነበረበት። ከዋክብቱ ግን አልተገኙም። አውራዎቹ በአብዛኛው ያረጁና የቀሉ ከዋክብት ማኅደር ሆነው ቀሩ። በ1999 ወደ ኅዋ የወጣው የአውሮፓ ቴሌስኮፕ ጋዙን በመረመረ ጊዜም ይቀዘቅዛል የተባለው ብዙ ጋዝ የለም ሆነ። ታዲያ ድስቱን ማን እያሞቀው ነው?

መልሱ ከርቲስ በ1918 ያዩት መስመር ነበር። በአውራው እምብርት ውስጥ እጅግ ከባድ ጥቁር ጉድጓድ አለ። ጋዝ ወደዚያ ሲወድቅ ሁሉም አይዋጥም፤ ከፊሉ በብርሃን ፍጥነት አቅራቢያ እየተወነጨፈ ይወጣል። የኤም 87 ቀጥ ያለ መስመር ይኸው ውርወራ ነው። በፔርሲየስ ዘለላ ውስጥ ደግሞ ይህ ውርወራ በጋዙ ውስጥ ግዙፍ አረፋዎችን እንደ ነፋና ከአረፋዎቹም የድምፅ ሞገድ እየተነሣ ወደ ውጭ እንደሚጓዝ በ2003 ታወቀ። ይህን ያሳየው ቻንድራ የተባለው የራጅ ቴሌስኮፕ ነው፤ ስሙም የተሰጠው ቀደም ብለን ለጠቀስናቸው ለቻንድራሴክሃር መታሰቢያ ነው። የድምፁ ውፍረት ከፒያኖ መካከለኛ ድምፅ 57 ኦክታቭ ዝቅ ያለ በመሆኑ የማንም ጆሮ አይሰማውም፤ ጋዙን ከመቀዝቀዝ ለማዳን ግን ይረዳል። ሚያዝያ 10 ቀን 2019 የኤም 87 ጥቁር ጉድጓድ ጥላ በሥዕል ለዓለም ታየ፤ ክብደቱ 6.5 ቢሊዮን ፀሐይ ያህል ነው። እንግዲህ አውራው ከጋዙ እንዳይጠግብ የሚከለክለው የራሱ ሆድ ነው ማለት ነው። አልፎ አልፎ ግን መከልከያው የላላ ይመስላል። በ2012 በፊኒክስ ዘለላ የተገኘው አውራ በዓመት 740 ፀሐይ የሚመዝኑ አዳዲስ ከዋክብት እንደሚወልድ ተገምቷል፤ የእኛ ፍኖተ ሐሊብ በዓመት የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ፀሐይ የሚያህል ብቻ ነው።

በክበባችን ውስጥ ብዙ ያከራከረን ጥያቄ የአውራው ዕድሜ ስንት ነው የሚል ነበር። በ2007 ጋብሪየላ ደ ሉቺያና ጄሬሚ ብሌዞ በኮምፒዩተር ባደረጉት ስሌት የሚከተለውን አሳዩ። በዛሬ አውራ ውስጥ ካሉት ከዋክብት ገሚሱ የተወለዱት የ13.8 ቢሊዮን ዓመት ባለ ዕድሜ የሆነው ዓለማችን ገና አንድ ቢሊዮን ዓመት ከጥቂት ሲሆነው ነው። ነገር ግን በልዩ ልዩ ትናንሽ ጋላክሲዎች ውስጥ ተበታትነው ነበር እንጂ አብረው አልነበሩም። ግማሹ ክብደት በአንድ አካል የተሰበሰበው በመጨረሻዎቹ 5 ቢሊዮን ዓመታት ብቻ ነው። ከፈረሱ አሮጌ ቤቶች ድንጋይ እየተለቀመ የታነጸ አዲስ ቤት ይመስላል። የትምህርት ቤታችን ዕድሜ ከመጀመሪያው ክፍል ይቈጠር ወይስ የተለያዩት ክፍሎች በአንድ ግቢ ከተሰበሰቡበት ቀን የሚለው የበዓሉ ኮሚቴ ክርክርም ከዚህ እምብዛም የራቀ አልነበረም።

ስሌት ስሌት ነው፤ ሰማዩ ግን ምን ይላል? በ2006 ሃብል በተባለው የኅዋ ቴሌስኮፕ የተነሣ አንድ ሥዕል፣ ብርሃኑ 10.6 ቢሊዮን ዓመት የተጓዘ አንድ ወጣት አውራ ዙሪያውን በብዙ ትናንሽ ጋላክሲዎች ተከቦ አሳየ፤ ዝንቦችን እንደ ያዘ የሸረሪት ድር ስለሚመስል የሸረሪት ድር ጋላክሲ ተባለ። ይህ ስሌቱን ይደግፋል። በ2009 ግን ሌሎች ተመራማሪዎች አምስት ሩቅ ዘለላዎችን መርምረው አውራዎቹ ከ9 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የዛሬውን ክብደት ከሞላ ጎደል ይዘው ነበር አሉ። በ2012 ደግሞ ብዙ ዘለላዎችን ያነጻጸሩ ሌሎች፣ በ5 ቢሊዮን ዓመታት ውስጥ ክብደታቸው 1.8 እጥፍ ሆኗል አሉ። ማንን እንመን? እኛ የኋለኞቹ ወደ እውነት የቀረቡ ይመስለናል፤ የዘለላዎቻቸው ቍጥር ይበልጣልና። ኤም 87ም ለዚህ ይመሰክራል፤ በ2015 በዙሪያው ያሉ 300 ያህል የሚሞቱ ከዋክብት እንቅስቃሴ ተመርምሮ፣ ባለፈው አንድ ቢሊዮን ዓመት ውስጥ አንድ መካከለኛ ጋላክሲ መዋጡ ታውቋል።

ሆኖም ክርክሩ ያልተቋጨበት አንድ ምክንያት አለ፤ ይኸውም የአውራው ዳር የት እንደ ሆነ አለመታወቁ ነው። የሚዋጠው ጋላክሲ ሲበታተን ከዋክብቱ ሁሉ ወደ አውራው አይገቡም፤ ብዙዎቹ ያለ ቤት በዘለላው ውስጥ ይንሳፈፋሉ። ፍሪትዝ ዝዊኪ ይህን የደበዘዘ ብርሃን በ1951 አስተውለውት ነበር። በ2023 ወደ ኅዋ የወጣው ዩክሊድ የተባለው ቴሌስኮፕ በፔርሲየስ ዘለላ ብቻ 1,500 ቢሊዮን ያህል እንዲህ ያሉ ወላጅ አልባ ከዋክብት መኖራቸውን አመልክቷል። እነዚህን ለአውራው የቈጠረላቸው ሰው እጅግ አድጓል ይላል፤ ያልቈጠረላቸው ብዙም አላደገም ይላል፤ ሁሉም የተስማሙበት ወሰን ግን ገና አልተሰመረም። በኳስ ሜዳው ላይ በቴሌስኮፕ ያየናት ያቺ ጉምም የኤም 87 እምብርት ብቻ ነበረች። ዳር ዳሩ ያለው ስስ ብርሃኑ ለዓይናችን ቢታይ ኖሮ፣ በሰማይ ላይ የሚይዘው ስፋት ሙሉ ጨረቃ ከምትይዘው ይበልጥ ነበር።